ምጣዱ ሱቅ ላይ 16 አምፔር ስቦ ነበር፣ ቤት ሲመጣ ለምን አይግልም?

ሆጤ ነኝ
ሰላም የደሴ ልጆች። ኮምቦልቻ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝተን ሰውዬው እዛው ሱቁ ላይ ሰክቶ በክላምፕ (ሽቦውን አቅፎ አምፔር በሚያነበው መለኪያ) ሲለካው 220 ቮልት ላይ 16 አምፔር አሳየን፣ እንጀራውም ወዲያው አይን አወጣ። ቤት ስንሰካው ግን እስኪግል ቡሃቃው ላይ እንቅልፍ ይወስድሻል፣ እናቴም «ተሸወድሽ» እያለች ነው። ጎረቤት በቴስተር ምጣዱ እንደበራ ሶኬቱን ሲለካው 180 ቮልት ነው። ሬዚስታንሱና ዋቱ እንዴት ነው የሚሰላው?

የጦሳ ንፋስ
አብሽሪ፣ የደሴ ብርድ ነው ሃሃሃ

ሸዋበር ፊዚክስ
ቮልቱን ለአምፔሩ ማካፈል ነው፣ 220 ÷ 16 = 13.75 ኦም። ዋት ደግሞ ማባዛት፣ 220 × 16 = 3520፣ ሦስት ኪሎዋት ተኩል በይው። ለእንጀራ ምጣድ ደህና ነው፣ ሰውዬው አልሸወደሽም።

ኮምቦልቻዬ
ኧረ ቮልት ሲወርድ አምፔር ይጨምራል እኮ፣ ዋቱ ያው ነው። ፍሪጃችን እንደዛ ነው የሚያደርገው

ሸዋበር ፊዚክስ
ፍሪጅ ኮምፕሬሰር ስላለው ነዋ ወንድሜ፣ ሞተር ነው። ሞተር ላይ ቮልት ለአምፔር አካፍለህ የምታገኘው ሬዚስታንስ አይባልም፣ ዋቱንም በፓወር ፋክተር (ከቮልት × አምፔሩ ስንቱ እውነተኛ ዋት እንደሆነ በሚነግረው ቁጥር) ካላባዛኸው ተጋኖ ይወጣል። ምጣድ ግን ሽቦ ብቻ ነው፣ ኦሙ ሲግልም ብዙ አይለወጥም። ስለዚህ 180 ÷ 13.75 ወደ 13.1 አምፔር፣ በ180 ሲባዛ ወደ 2356 ዋት። ቮልቱ የወረደው 18 ፐርሰንት ነው ሙቀቱ ግን ሲሶው ሄደ፣ ቮልት ሲወርድ አምፔሩም አብሮ ስለሚወርድ ሁለቴ ነው የምትከስሪው።

የሽቦ ሰው
ሂሳቡ ልክ ነው፣ ግን 40ው ቮልት የት ገባ? ምጣዱ በርቶ ቆጣሪው ጋም ይለካ፣ የሚያውቅ ሰው ይለካው እንጂ አንቺ እንዳትነካኪ። በክላምፕ ከሆነ ፌዙ (መብራት ያለበት ሽቦ) ብቻ ተለይቶ ይግባ፣ ሁለቱን ሽቦ አንድ ላይ ካስገቡት ዜሮ ነው የሚያነበው። ኦም መለካት ከፈለጋችሁ ደግሞ ስፒናው ይነቀል፣ መብራት ባለበት ኦም ላይ አድርጎ ቴስተር ያቃጠለ አይቻለሁ።

ሆጤ ነኝ
ቆጣሪው ጋ 200፣ ሶኬቱ ላይ 180። ሽቦው ግቢውን ዞሮ ነው ማድቤት የሚገባው፣ ቀጭን ነው፣ ላስቲኩም ሲነካ ይሞቃል

የሽቦ ሰው
በይ ይኸው። 20 ቮልት × 13.1 አምፔር = 262 ዋት፣ ይሄ ሁሉ ሽቦው ላይ ነው የሚቀረው፣ ከእንጀራው ጋር ላስቲክም እየጋገራችሁ ነው። እስክታስቀይሩ በዛ መስመር አትጋግሩ። ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ከራሱ ብሬከር ጋር ለብቻው አስዘርጉ፣ ብሬከሩ 20 ወይ 25 አምፔር ይሁን፣ 16 ከሆነ ምጣዱ ራሱ 16 ስለሚስብ አፍ እስከ ገደፉ ነው። ያኔ ሶኬቱ ላይ 196 አካባቢ ብታገኙ 196 × 196 ÷ 13.75 ወደ 2800 ዋት ይሆናል። ቀሪው ከውጭ መስመሩ ነው፣ እሱን ሰፈሩ ተሰብስቦ ያመልክት።

የጦሳ ንፋስ
ስታብላይዘር ብትገዛስ?

የሽቦ ሰው
በዛ ሽቦ? ቮልቱን ወደ 220 ሲያወጣ ከመስመሩ የበለጠ አምፔር ይስባል፣ ሽቦው ይብስበታል እንጂ።

ሆጤ ነኝ
አላህ ይስጣችሁ። አሮጌውን ሽቦ ለአምፖል እንጠቀምበት?

የሽቦ ሰው
ላስቲኩ ካልደረቀና ካልተሰነጠቀ ይሆናል፣ የጠቆረውን ጫፍ ቆርጣችሁ ጣሉት።