ጂምኒ ላይ ትልቅ ጎማ ለመግጠም ላሰባችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፦ የኔ ጥቆማ

ሰሞኑን ሱዙኪ ጂምኒ የያዘ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቀኝ። ትልቅ ጎማ ብገጥምላት ያዋጣኛል? እኔ የያዝኳት የድሮዋን 1.3 ሊትር ነው። ቤቴ ደሴ ነው፣ ሥራ በሳምንት ሦስት ቀን ኮምቦልቻ ያወርደኛል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ለዘመድ ጥየቃ ወደ ወረኢሉና ጃማ እወጣለሁ። ሦስት ልክ ሞክሬባታለሁ። መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ 215/75/15 ግዙ፣ 235/75/15ቱን ተዉት። (የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ በመቶኛ፣ ሦስተኛው የቸርኬው ልክ በኢንች ነው።)

ከፋብሪካ ይዛው የምትመጣው 205/70/15 ነው። ከመሬት እስከ አናቱ ሲለካ 67 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። 215/75 ስትገጥሙ 70 ይሞላል፣ 235/75 ደግሞ 73 ያልፋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጎማው በ6 ሳንቲ ተኩል ስላደገ መኪናዋ 6 ሳንቲ ተኩል አትነሳም። ከጎማው መሐል እስከ መሬት ያለው ብቻ ስለሆነ የሚቆጠረው፣ የምታገኙት ግማሹን ነው። በ235 ሦስት ሳንቲ ከትንሽ፣ በ215 ሁለት ሳንቲ የማትሞላ። እንግዲህ ክርክሩ ሁሉ ለአንድ ሳንቲ ተኩል ነው ማለት ነው።

ለሷ የምትከፍሉት ደግሞ ብዙ ነው። ጎማው ሲተልቅ ማርሾቹ ሁሉ ይከብዳሉ። በ235 ወደ 10 በመቶ፣ በ215 ወደ 5 በመቶ። ሜዳ ላይ ላይሰማችሁ ይችላል። ግን እኛ ሜዳ ላይ አይደለንም። ቱርቦ የሌለው ሞተር 1,000 ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር 10 በመቶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ስለዚህ ጂምኒያችሁ ገና ከግቢ ስትወጣ ሩብ ጉልበቷ የለም። በላዩ ላይ ከባድ ጎማ ስትጨምሩባት አስቡት። የሐረጎን ዳገት ከኮምቦልቻ ስወጣ በፊት በሦስተኛ ማርሽ ትወጣ የነበረችው መኪና፣ በ235 አራት ሰው ጭኜ ሁለተኛ ላይ ስታቃስት ነው የወጣችው።

መውጣቱስ ይሁን፣ መውረዱ ነው ያስፈራኝ። ማርሹ ስለከበደ ሞተሩ እንደ ድሮው አይዝም። ጫናው ፍሬኑ ላይ ይበዛል፣ ፍሬኑ ደግሞ ለትንሹ ጎማ የተሠራ ያው የድሮው ፍሬን ነው። አንድ ቀን ጠዋት ጉም ውስጥ ከደሴ ስወርድ ታች ሳልደርስ ፍሬኑ ሸተተኝ። ዳር ይዤ ቆምኩ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩ። በዚያው ሳምንት አወለቅኩት።

ሌላው ቆጣሪው ነው። በ235 ቆጣሪው 60 ሲል እናንተ በ66 እየሄዳችሁ ነው። ኪሎ ሜትሩንም አሳንሶ ይቆጥራል፤ 100 ያለው ወደ 110 ነው። ነዳጅ በላብኝ የሚሉ ሰዎች ስሌቱ የሚዛባባቸው ግማሹ በዚህ ነው። የቀረው ግማሽ ግን እውነት ነው፣ ከባድ ጎማ ቤንዚን ይበላል።

ጭቃስ ትሉኛላችሁ። የጃማን ዋልካ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰፊ ጎማ እዚያ ላይ ይንሳፈፋል፣ ጥርሱ በጭቃ ይሞላና ዱባ ይመስላል። ጠበብ ያለው ቆርጦ ገብቶ ደረቁን ይነካል። እኔ ያወጣኝ ስፋት አይደለም፣ ንፋስ መቀነስ ነው። ወደ 18 ፒኤስአይ አውርዱት፣ ከባዱን ማርሽ (4L የሚለውን) አስገቡ፣ ሳትቸኩሉ ሂዱ። አስፋልት ስትደርሱ መልሳችሁ ሙሉት።

ቸርኬውንም አትርሱት። የዚህች መኪና ቸርኬ ስፋቱ 5.5 ኢንች ነው። 215/75 በደንብ ይቀመጥበታል። 235/75 ግን ቢያንስ 6 ኢንች ይፈልጋል፣ ቢገባም ሆዱ ተነፍቶ ነው የሚቀመጠው። ለኔ የሸጠልኝ ሰው "ምንም አይነካም" ብሎኝ ነበር። መሪውን ሙሉ ሳዞር ፓራፋንጎውን ይነካል። እንዳይነካ መኪናዋን 5 ሳንቲ ገደማ ማስነሳት ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ሌላ ወጪ ነው።

አዲሷን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣችውን 1.5 ሊትር የያዛችሁ ልኩን አትንኩት። 195/80/15ቱ ራሱ 69 ሳንቲ ነው። የጎማውን ዓይነት ብቻ ቀይሩ።

ዓይነቱ ላይ ኤቲ የሚባለውን፣ ለአስፋልትም ለጥርጊያም የሚሆነውን ነው የምመክረው። የጭቃ ጎማው መልኩ ያምራል፣ ግን አስፋልት ላይ ይጮኻል፣ ዝናብ ላይ ደግሞ ሐረጎ ኩርባ ላይ ያንሸራትታል። የምትገዙት ብራንድ ምንም ይሁን ምን ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ቀጥሎ ያለውን የመጨረሻ አራት አኃዝ እዩ። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ አዲስ ሆኖ ላስቲኩ ያረጀ ጎማ መደርደሪያ ላይ ሞልቷል።

የት ይገጠም ለሚለው፣ ባላንስና አላይመንት ከሆነ እኔ ኮምቦልቻ እመርጣለሁ። ዋናው መንገድ ዳር ያሉት በባቲ በሚሌ የሚያልፈውን ከባድ መኪና ሲያስተናግዱ ስለሚውሉ እጃቸው ፈጣን ነው፣ ማሽኑም አላቸው። ችግራቸው ንፋስ ነው። ዝም ካላችኋቸው 40 ይሞሉላችኋል። የኔ በር ላይ የተለጠፈው ከፊት 23፣ ከኋላ 26 ነው። ቆማችሁ አስለኩ። ለቀዳዳ ግን ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያሉትን ትናንሽ ጎሚስታዎች እወዳቸዋለሁ፤ ጎማውን አውልቀው ከውስጥ ይለጥፋሉ፣ ታግሰው ይሠራሉ። ከመነዳሪ (የውስጥ ላስቲክ) እንክተትበት የሚላችሁ ካለ እሺ አትበሉ።

60 እና 70 ላይ መሪው የሚንቀጠቀጥባችሁ፣ አብሽሩ፣ ይህች መኪና የታወቀ ጠባይዋ ነው። መጀመሪያ ባላንስ፣ ካልተወ የፊት ኩሽኔታዎቹንና ቴስቲኒውን አሳዩ። ትልቅ ጎማ ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም።

ስትገዙ አምስት ግዙ። ስኮርታው የተለየ ልክ ከሆነ፣ እሱን ገጥማችሁ ፎር ዊል ብታስገቡ ካምቢዮውን ትጎዳላችሁ። ከተገጠመ በኋላ ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ ቡሎኖቹን እንደገና አስጠብቁ። ደሴ የገጠመ ሰው ኮምቦልቻ ደርሶ ሲመለስ ልክ ሰዓቱ ነው።