ቅጠሉ ታኝኮ ድንኳን ሲሆን ለምን ቶሎ አይደርቅም?

ዋርካ ጥላ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሆንዱራስ ነጭ የሌሊት ወፍ ሄሊኮኒያ የሚባለውን ተክል ቅጠል እያኘከች መጠለያ ትሠራለች። ቅጠሉ እንደ ሙዝና እንሰት ሰፊ ነው። ጅማቱ ከተቆረጠ መጠውለግ አልነበረበትም? ነፍሳት ከበሉት ቅጠልስ በምን ይለያል?

ሌሊት ዘብ፦
ምስጢሩ አቆራረጡ ላይ ነው። መሃል ለመሃል የሚሄደውን ወፍራም ጅማት አትነካውም። የምትነክሰው ከእሱ ግራና ቀኝ የሚወጡትን ቀጫጭኖቹን ነው፣ ያውም መነሻቸው ላይ፣ በመሃል ክፍተት እየተወች። ዋናው ጅማት ውሃውን ያደርሳል፤ በንክሻና ንክሻ መካከል የተረፈው የቅጠሉ ሥጋም ወደ ጎኖቹ ያሳልፈዋል። ደጋፊ ያጡት ሁለት ጎኖች ግን እንደ ቤት ክዳን ወደ ታች ይታጠፋሉ። እንዲህ የተሠራ ድንኳን ለሳምንታት ያገለግላል። ንክሻው ከበዛ ያ ጎን ቢጫ ይሆናል፣ ንፋስም ይቀደዋል።

ለመለየት ቀዳዳዎቹን ተከተል። የሌሊት ወፍ ከሆነች በዋናው ጅማት በሁለቱም ወገን ቁመቱን ይዘው ይሄዳሉ፤ ዳርቻው ግን ደህና ነው። ቅጠሉ ተጠቅልሎ ሳለ ነፍሳት ከበሱት፣ ሲዘረጋ ቀዳዳው አግድም ተደርድሮ ይታያል። ፌንጣ ደግሞ ከዳር ጀምሮ ነው የሚበላው።

የሾላ ፍሬ፦
ከላይ ብታይ ምንም አታገኝም። ጎንበስ ብለህ ከሥር ተመልከት፣ ድንኳኑ ከመሬት 2 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሆነው ተጣብቀው ይንጠለጠላሉ፤ አንዷ ከ5 እስከ 6 ግራም ብቻ ናት። ነጩ ፀጉር በቅጠሉ ውስጥ ያለፈው ብርሃን ሲያርፍበት አረንጓዴ ይመስላል፤ ቢጫው ጆሮና አፍንጫ ነው የሚያጋልጣቸው። እባክህ አገዳውን አትንካ፣ ቅጠሉ ሲወዛወዝ ጠላት መጣ ብለው ይበራሉ። ፍላሽም አታብራ።

ሌሊት ዘብ፦
ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ስሟ የሆንዱራስ ይሁን እንጂ በኒካራጓ፣ በኮስታሪካና በፓናማም በካሪቢያን በኩል ባለው ቆላ ትኖራለች። በህንድ ሳይኖፕቴረስ የሚባለው ፍሬ በል የሌሊት ወፍም ድንኳን ይሠራል፤ እዚያ ሠሪው ወንዱ ነው፣ ሴቶቹ በኋላ ይመጡለታል። በአፍሪካ ያለችው የሙዝ የሌሊት ወፍ ግን ሠሪ አይደለችም፤ ገና ባልተፈታ የሙዝ ቅጠል ጥቅል ውስጥ ትገባለች፣ ቅጠሉ ሲዘረጋም ሌላ ትፈልጋለች።

የሾላ ፍሬ፦
ለጥበቃ የሚያስብ ሰው ሄሊኮኒያውን ብቻ ቢተክል አይበቃም። ነጯ በዋናነት የምትመገበው ፊከስ ኮሉብሪኔ የሚባለውን የሾላችንን ዘመድ ፍሬ ነው። ያ ዛፍ በአካባቢው ከሌለ ቅጠሉ ባዶውን ይቀራል።