ባለ ሁለት ቀለም የብርድ ኮፍያ ጠበበብኝ፤ ልተርትረው ወይስ ልወጥረው?

ጥያቄ ፦ የሚኒሶታዋ

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ደብረ ብርሃን ነው የሚኖረው። ኅዳር ሲገባ የጠዋቱ ውርጭ ጆሮውን ያሳምመዋል፤ ለገና በሚሄድ ሰው የምልክለት ኮፍያ ይዣለሁ። ከእናቴ የተማርኩት ኪሮሽ ነው፤ በመርፌ ሹራብ መሥራት ከጀመርኩ ዓመት ቢሆነኝ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ዙር በጥቁር ሰማያዊ፣ ሁለት ዙር በነጭ እያፈራረቅኩ፣ በየአራተኛው ላይ አንዷን ዐይን (መርፌው ላይ ያለችውን የክር ቀለበት) ሳልሠራት ወደ ቀኝ መርፌ አሳልፋታለሁ። ያለፈችው ዐይን የታችኛውን ቀለም ይዛ ወደ ላይ ትወጣና ሥራው እንደ ማር እንጀራ ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል። መልኩን ወድጄዋለሁ።

ችግሩ ልኩ ነው። መጀመሪያ ላይ በአንድ ቀለም ተራ ናሙና ስሠራ በ10 ሴንቲ ሜትር 20 ዐይን ወጣልኝ። በዚያ ሒሳብ 96 ዐይን 48 ሴንቲ ሜትር መሆን ነበረበት። 12 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ደርሼ ስለካው ግን ዙሪያው 42 ብቻ ሆነ! የአባቴ ራስ 57 ነው። በዚያ ላይ ዙሩ የሚጀምርበት ቦታ መስመሩ እንደ ደረጃ ተሰብሯል። ክሩ ሱፍ ነው። ነክሬ ብወጥረው ይሰፋልኛል?

መልስ ፦ እትዬ ክር

ልጄ፣ ተርትሪው። ሱፍ ሲነከር ትንሽ ይለቃል እንጂ 10 ሴንቲ ሜትር አይሰጥሽም። በግድ ብትወጥሪው እንኳ አባትሽ ሲያደርገው ግንባሩን ያንቀዋል።

ጥፋቱ ናሙናው ላይ ነው። ተራ ሥራና ዐይን የሚታለፍበት ሥራ አንድ ልክ የላቸውም፤ የሚታለፈው ዐይን ጎረቤቶቹን ወደ ራሱ ይስባል። ደግነቱ አሁን የያዝሽው ራሱ ናሙና ሆኖልሻል፦ 96 ለ42 ሲካፈል በ10 ሴንቲ ሜትር 23 ገደማ ነው። ኮፍያ ከራስ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ማነስ አለበት፣ አለዚያ አይይዝም። ስለዚህ 52 ያስፈልግሻል። ይህ 120 ዐይን ይመጣል፤ 120 ደግሞ ለ4ም ለ8ም ይካፈላል።

እጅሽንም እዪው። ዐይኗን ስታሳልፊ ክሩ ከበስተኋላዋ ይሻገራል። ቀጣዩን ከመሥራትሽ በፊት ቀኝ መርፌ ላይ ያሉትን ዐይኖች በጣትሽ ዘርጋ አድርጊያቸው፤ የሚሻገረው ክር ያን ጊዜ በቂ ርዝመት ያገኛል። ክሩን ጎተት ካደረግሽው ግን 120ውም ይጠብብሻል። ዐይኗን ስታሳልፊ መርፌውን ጀርባ (ግልባጩን ዐይን) ልትሠሪ እንደምታስገቢው አስገቢ፤ ፊት (ተራውን ዐይን) ልትሠሪ እንደምታስገቢው ከገባ ዐይኗ ትጠመዘዛለች።

መልስ ፦ ሁለት መርፌ

እትዬ ባሉት ላይ ልጨምር። የግንባሩን ላስቲክ (ተለጣጩን የሹራብ ጠርዝ) በአንድ ቀለም ብቻ ሥሪው፤ በሁለት ቀለም ከሆነ የሚሻገረው ክር መለጠጡን ይወስድበታል። ሰውነቱን በ4.5 ሚሊ ሜትር መርፌ የምትሠሪ ከሆነ ላስቲኩን በ4 አድርጊው፤ ሁለት ፊት፣ ሁለት ጀርባ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል። ለአባትሽ ጆሮ ግን እኔ ብሆን 10 አድርጌ እንዲታጠፍ እተወው ነበር።

ለደረጃው፦ ቀለም በቀየርሽ ቁጥር የመጀመሪያውን ዙር እንዳለ ሥሪው። ሁለተኛውን ዙር ስትጀምሪ የመጀመሪያዋን ዐይን ሳትሠሪ አሳልፊያት። መስመሩ ፈጽሞ ባይጠፋም ጎልቶ አይታይም። ክሩንም በየቅያሬው አትቁረጪው፤ ያረፈው ቀለም በውስጥ በኩል ወደ ላይ ይከተልሽ።

መልስ ፦ የመንዝ ልጅ

እኔ ሹራብ አልሠራም፤ የብርዱን ነገር ግን አውቀዋለሁ። ያደግሁት ከመንዝ በግ ጠጉር በተሠራ ባና ውስጥ ተጠቅልዬ ነው። ሙቀቱን የሚያክል የለም፤ ግን ቆዳ ላይ ይኮሰኩሳል። ያንቺም ሱፍ ሻካራ ከሆነ ሽማግሌ ግንባር ላይ አይቆይም፣ አውልቀው ያስቀምጡታል። ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ በውስጥ በኩል፣ ግንባሩ ላይ ብቻ ስፊበት። ስፌቱ ላላ ይበል፣ ካልሆነ ላስቲኩ አይለጠጥም።

ጠያቂዋ ፦ የሚኒሶታዋ

እግዜር ይስጥልኝ! ትናንት ማታ ተርትሬ በ120 ጀመርኩ። እትዬ፣ አናቱን እንዴት ልዝጋው? እየቀነስኩ ስሄድ የማር እንጀራው ቅርጽ ይበላሽብኛል ብዬ ሠጋሁ።

መልስ ፦ እትዬ ክር

ይበላሻል፤ ስለዚህ እዚያ አታድርሺው። ላስቲኩን እንደታጠፈ በ5 ቆጥረሽ ከታች 16 ሴንቲ ሜትር ስትደርሺ ቅርጹን ተይና በሰማያዊው ብቻ በተራ ሥራ ቀጥዪ። ዙር አትቁጠሪ፣ በሜትር ለኪ፤ ይህ ሥራ በቁመትም ይሰበሰባል።

ልብ በይ፣ ተራው ሥራ ሰፊ ነው፤ በ120 ከቀጠልሽ አናቱ እንደ እንጉዳይ ይነፋል። በመጀመሪያው ተራ ዙር 120ውን ለ8 ክፈይው፣ ለእያንዳንዱ 15 ይደርሳል። በየክፍሉ ሁለት ቦታ ላይ ሁለት ሁለቱን አንድ ላይ ሥሪ። 104 ይቀርሻል። ከዚያ በየክፍሉ መጨረሻ አንድ ጊዜ እየቀነስሽ፣ አንድ ዙር ቀንሰሽ አንዱን ሳትቀንሺ ሂጂ፤ ስድስት ጊዜ ከቀነስሽ በኋላ የቀረውን አምስት ጊዜ በየዙሩ ቀንሺ። 16 ዐይን ሲቀር ክሩን ቆርጠሽ በወፍራም መርፌ በሁሉም ውስጥ አሳልፊና ሳቢው። በውስጥ በኩል ሁለት ጊዜ አጥብቂው።

ከመላክሽ በፊት ሰማያዊውን ክር ቁራጭ አርጥበሽ ነጭ ጨርቅ ላይ ጫኚው። ቀለም ከለቀቀ አባትሽ በሙቅ ውኃ እንዳያጥበው ንገሪው።

ጠያቂዋ ፦ የሚኒሶታዋ

ጨረስኩት። ዙሪያው 52 ተኩል፣ ቁመቱ ላስቲኩ ታጥፎ 22። ለብ ባለ ውኃ ነክሬ በፎጣ ጨምቄ፣ በተደፋ ጎድጓዳ ሳህን ላይ አድርቄዋለሁ። ጨርቁ ላይ ቀለም አልወጣም። የጥጡን ጨርቅ ነገ እሰፋለሁ፤ የሚሄደው ሰው ቅዳሜ ነው የሚነሣው።