ኢንጂነር አንትሮፖሎጂ ምን ያደርግለታል? የወሎ ልጆች ክርክር

አስተባባሪ፦ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ ፍሬሽ እያለ የጋራ ኮርሶች ይወስዳል። ሎጂክ፣ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ አንትሮፖሎጂ (የሰው ልጅና የባህሉ ጥናት)፣ ሌላም። ትናንት አንድ አባላችን «ጊዜ ማባከን ነው፣ ኮሌጅ የሚገባው ሥራ ለማግኘት ነው» ብሎ ጻፈ። ተከራከሩበት። ስድብ የጀመረ ይወጣል።

የኮምቦልቻው ባጃጅ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሲቪል ኢንጂነሪንግ ጨርሼ ባጃጅ እነዳለሁ። አንትሮፖሎጂ ኤ ነው ያመጣሁት። ወላሂ አንድም ቀጣሪ ስለሱ ጠይቆኝ አያውቅም። አባቴ በሬ ሸጦ ነው ያስተማረኝ። ኮስት ሼሪንጉም አለብኝ።

የዋድላ ልጅ፦ አብሽር ወንድሜ። ግን እኛ አገር ትምህርት መቼ ለደመወዝ ሆኖ ያውቃል? ዋድላ ቅኔ ሊቆጥር የመጣ የቆሎ ተማሪ ለምኖ እየበላ ዓመታት ይቆያል። ኪታብ ሊቀራ ዳና የሄደ ደረሳም እንደዚያው።

ሸዋ በር፦ ኧረ ተው! ቅኔ የጨረሰው መሪጌታ ይሆናል። ኪታብ የጨረሰው ያስቀራል። ሁለቱም ሥራ አላቸው። ደግሞ እነሱን አገሬው ነው የሚያበላቸው። የዚህን ልጅ በሬ ማን ይመልስለት?

አስጎብኚው (ላሊበላ)፦ እኔ የተማርኩት ማኔጅመንት ነው። የሚያበላኝ ግን ታሪክ ነው።

የኮምቦልቻው ባጃጅ፦ እሰይ! ስለዚህ ለሥራ ጠቀመህ። የኔን ነጥብ ነው ያጠናከርክልኝ።

ጡረተኛው መምህር (ደሴ)፦ ልጆች፣ ትንሽ ላስረዝም። ሚያዝያ 1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ መጥተው የተራበውን ሕዝብ ፎቶ አነሱ። ፎቶው ግቢያቸው ውስጥ ታየ። መንግሥት ረሃቡን ሸፍኖት ነበር። የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ለዓለም ያሳየው ከወራት በኋላ፣ ጥቅምት 1966 ነው። እነዚያ መምህራን ለዚህ ሥራ አልተቀጠሩም። ደመወዛቸው ላይ ሰባራ ሳንቲም አልጨመረላቸውም። ፎቶውን አይቶ የተንጫጫው ተማሪም ሕግና ምህንድስና ሊማር የገባ ነው። ሌላም ልጨምር። ከ1957 ጀምሮ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ጠቅላይ ግዛት ወርዶ ያገለግል ነበር፤ አብዛኛው በአስተማሪነት። እኔን ሒሳብ ያስተማረኝ እንዲህ የመጣ የሕግ ተማሪ ነው። ለሥራው ምን ጠቀመው ብትሉኝ አላውቅም። እኔን ግን ሰው አድርጎኛል።

የኮምቦልቻው ባጃጅ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ግን እናንተ ስትመረቁ መሥሪያ ቤት በር ከፍቶ ይጠብቃችሁ ነበር። የነገ እንጀራው ያልተረጋገጠለት ሰው ስለ አገር በምን አንጀቱ ያስባል?

ሸዋ በር፦ እኔም ጋሼን ልጠይቅዎት። ያ ትውልድ በ1957 «መሬት ላራሹ» ብሎ ወጣ፤ እሺ። በ1969 እና በ70 እርስ በርሱ ተላለቀ። ሰፊ ትምህርት ያመጣው ይሄን ነው?

ጡረተኛው መምህር፦ ይህን አልክድህም ልጄ። የቀበርኳቸው ጓደኞች አሉኝ፤ መቀበሪያቸው የማይታወቅም አሉ። ስንከራከር ግን በነጥብ ተረትቶ ሐሳቡን የለወጠ ሰው አላየሁም። «አድኃሪ» ተብሎ የተባረረ አይቻለሁ። መጻሕፍቱን ጥፋተኛ አድርጌ አላውቅም። የምንጣላው አንብበን ሳንጨርስ ነበር።

መምህርቷ (ወልድያ)፦ እኔ ሎጂክ አስተምራለሁ። የውስጡን ልንገራችሁ። ክፍሉ ጢም ብሎ የሞላ ነው። ተማሪው ዲፓርትመንት የሚመደበው በአንደኛ ዓመት ውጤቱ ነው። ስለዚህ የሚጠይቀኝ «መምህር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይወጣል?» ብቻ ነው። ሎጂክን ይሸመድዳል! የክርክር ስሕተቶችን በስማቸው ይደረድራል፤ ከዚያ ዶርም ገብቶ ቲክቶክ ያለውን ሁሉ ያምናል። ከ2015 ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። እሱ የሚጠይቀው የሙያውን ኮርስ ነው። ወረቀት ላይ «አሳቢ ዜጋ እናፈራለን» ይባላል። ልጆቹ ሞኞች አይደሉም፤ የሚቆጠረውን ያውቃሉ።

የዋድላ ልጅ፦ ታዲያ ይቅር ነው የምትይው?

መምህርቷ፦ አይቅር። ተማሪው ይቀነስ፣ ክርክር ይግባበት፣ ጽሑፍ ይጻፍበት። ከመቶ የሚበልጡ ልጆች አስቀምጬ ማንን ላከራክር?

የኮምቦልቻው ባጃጅ፦ እህቴ፣ እሱን እቀበላለሁ። እንዲህ እናድርገው፤ ኮርሱ ይሰጥ፣ ውጤቱ ለምደባ አይቆጠር።

መምህርቷ፦ ካልተቆጠረ ማን ይገባል?

የኮምቦልቻው ባጃጅ፦ እኮ! ከትናንት ጀምሮ እሱን ነው የምላችሁ።

ጡረተኛው መምህር፦ አንተስ? አንትሮፖሎጂውን ያልፈለግኸው ሰው ከሁላችን በላይ ስትሟገት ዋልህ።

የኮምቦልቻው ባጃጅ፦ ጋሼ፣ ተሳፋሪ መጣብኝ። ማታ እመልስልዎታለሁ።