ልጄ 7 ወር ሆነው፣ የወር አበባዬ ግን አልመጣም፤ ምን ላድርግ?

እናቶች፣ እስቲ ምከሩኝ። አራት ኪሎ ነው የምኖረው። ልጄ እስከ 6 ወሩ ጡት ብቻ ነበር የሚጠባው። አሁን ገንፎ ጀምሯል፤ ሥራ ስለገባሁ ቀን አልቤ የተውኩለትን በጡጦ ይጠጣል፣ ሌሊት ግን ጡቴን አይለቅም። አማቴ «የምታጠባ ሴት አታረግዝም» ብለው ድርቅ ብለዋል (ባለቤቴ እንደልማዱ መሃል ሰፋሪ ነው)። እኔ የማውቀው ግን ይሄ የሚሠራው ልጁ ከ6 ወር በታች ሆኖ፣ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ እየጠባ፣ የወር አበባም ካልታየ ነው። ደግሞ እንቁላል ከመጀመሪያው የወር አበባ ቀድሞ ሊወጣ ስለሚችል፣ ደም ሳያዩ ማርገዝ አለ። ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሸኛል፤ እንቅልፍ ማጣት ይሁን ሌላ እንጃ። የሽንት መመርመሪያ ከፋርማሲ ልግዛ ወይስ ቀጥታ ጤና ጣቢያ ልሂድ? ካላረገዝኩስ፣ እያጠባችሁ በክንድ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ ወይም መርፌውን የተጠቀማችሁ፣ ወተታችሁ ቀነሰ?