ክርክር፦ የመንግሥት ትምህርት ቤት በመዋጮ ይኑር፣ በንብረት ታክስ ወይስ ከአንድ የጋራ የመንግሥት ቋት?

የሁለት ልጆች እናት (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ርዕስ ያነሳሁት በራሴ ስለደረሰ ነው። ትንሿ ልጄ የመንግሥት ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ናት። ባለፈው ሳምንት ደብተሯ መሐል የታጠፈች ወረቀት ይዛ መጣች። ለጥበቃ፣ ለጽዳትና ለፈተና ማባዣ የሚሆን መዋጮ ነው። ከላይ «በፈቃደኝነት» ይላል። ከታች ደግሞ ያልከፈለ ወላጅ የልጁን ካርድ ከመውሰዱ በፊት ቢሮ ቀርቦ እንዲያነጋግር ያዛል። በፈቃድ ከሆነ ካርዱን ከገንዘቡ ጋር ምን አገናኘው? ልጄ ዓይን ዓይኔን እያየች «እማዬ፣ ነገ ካላመጣሁ ስሜን ይጠሩታል» አለችኝ። ከፈልኩ። ደረሰኙን ግን አስቀምጬዋለሁ።

ደመወዜ እጄ ሳይገባ ግብር ተቆርጦበታል። ሳሙና ስገዛ 15 በመቶ ቫት እከፍላለሁ። ይኼ ሁሉ ለልጄ ትምህርት ቤት ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው? ሰሞኑን ደግሞ በየሰፈሩ ሌላ ሐሳብ እሰማለሁ፦ በ2017 ዓ.ም. አዋጅ የወጣለት የንብረት ታክስ በተሰበሰበበት ሰፈር ላለው ትምህርት ቤት ይዋል፣ ያኔ መዋጮ ይቀራል የሚል። ምን ትላላችሁ?

ጡረተኛው (ጉለሌ)

ልጄ፣ ካርድ መያዣ መደረጉ ነውር ነው፤ በዚህ አልከራከርሽም። መዋጮን ከነሥሩ መንቀል ግን አያዋጣም። እኔ በ1971 በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገጠር ወርጄ አስተምሬያለሁ። ያስተማርኩበትን ዳስ የሠራው ገበሬው ነው። እንጨቱን እሱ ቆረጠ፣ ጭቃውን ሚስቱ ረገጠች። ሕዝብ እጁን ያላስገባበትን ነገር የእኔ አይለውም፤ በሩ ሲሰበር የሚጠግነው፣ ጠረጴዛው ሲሰረቅ የሚጮኸው ያዋጣ ሰው ነው። ትምህርት ሚኒስቴርም በ2015 «ትምህርት ለትውልድ» ብሎ ሕዝቡን ያነቃነቀው መንግሥት ብቻውን እንደማይችለው ስላወቀ ነው።

የንብረት ታክሱን በተመለከተ ግን እፈራለሁ። ቤቴን የሠራሁት በወር ደመወዝ እየቆጠብኩ ነው። የቦታው ዋጋ ሰማይ ነካ፣ ጡረታዬ ግን እዚያው ነው። ቤት አይበላም፣ አይቆረስም። ልጆቼን አስተምሬ ጨርሻለሁ፣ አሁን ደግሞ በምን አቅሜ ልክፈል?

የፊዚክስ መምህርት

ጋሼ፣ የእርስዎን ዘመን ሰዎች ትጋት አከብራለሁ። እኔ ግን ዛሬ ክፍል ውስጥ የማየውን ልንገርዎ። ማባዣ ማሽኑ ቀለም ሲያልቅበት ፈተናውን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ሃያ ጥያቄ ለመጻፍ ግማሽ ክፍለ ጊዜ ያልቃል። አንድ ዴስክ ላይ አራት ሆነው የተቀመጡ ልጆች አንገታቸውን እየሰገጉ ይገለብጣሉ። ከኋላ ያለው «ቲቸር፣ ቁጥር 7 ላይ ሲደመር ነው ሲቀነስ?» እያለ ሌላው መሥራት ይጀምራል። መስኮት ሥር የተቀመጠች አንዲት ልጅ የሰሌዳው ግማሽ ፀሐይ ስለሚያርፍበት አይታያትም፤ ጥያቄዎቹን እያነበብኩላት ትጽፋለች። ያቺ ልጅ በዓመቱ መጨረሻ የምትፈተነው ቤተ ሙከራ ካለው ትምህርት ቤት ከመጣው ልጅ ጋር እኩል ነው።

የ12ኛ ክፍል ውጤት ለሁላችንም ግልጽ ነው። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014፣ 3.3 በመቶ፤ በ2015፣ 3.2 በመቶ፤ በ2016፣ 5.4 በመቶ፤ በ2017፣ 8.4 በመቶ ነበሩ። በ2015 ከ1 ሺህ 300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። ሁሉም በገንዘብ እጦት ነው አልልም፣ የእኛ የመምህራንም ድርሻ አለበት። ግን አንድም ያላሳለፉት የትኞቹ እንደሆኑ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

የቀድሞ ርዕሰ መምህር (ሰሜን ሸዋ)

መምህርት የጠቀሱትን ከበጀቱ በኩል ላስረዳ፤ አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁበት ስለሆነ አውቀዋለሁ።

ገንዘቡ ከፌዴራል ወደ ክልል የሚወርደው በፌዴሬሽን ምክር ቤት የድጎማ ቀመር ነው። ቀመሩ የክልሉን የወጪ ፍላጎትና ገቢ የመሰብሰብ አቅም ያያል፤ ደካማው እንዲደገፍ ታስቦ የተሠራ ነው። ክልሉ ደግሞ ለወረዳዎች ጥቅል በጀት ያወርዳል። እስከዚህ ድረስ ሐሳቡ መልካም ነው። ችግሩ የሚጀምረው ወረዳ ላይ ነው። ወረዳው መጀመሪያ ደመወዝ ይከፍላል፤ መክፈልም አለበት። ከደመወዝ የተረፈችዋ ሥራ ማስኬጃ ለጤና፣ ለግብርና፣ ለመንገድና ለትምህርት ስትከፋፈል ለአንድ ትምህርት ቤት የምትደርሰው ጠመኔና ወረቀት ገዝታ ታልቃለች። ስለዚህ «መንግሥት በጀት መድቧል» የሚለውም «ትምህርት ቤቱ ገንዘብ የለውም» የሚለውም እውነት ነው።

ከ2001 ጀምሮ በትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራሙ በተማሪ ቁጥር የሚሰላ የትምህርት ቤት ድጎማ ሲመጣ እፎይ ብለን ነበር። ቢያንስ ርዕሰ መምህሩና ወላጅ መምህር ኅብረቱ (ወመህ) ተቀምጠው የሚወስኑበት ገንዘብ ሆነ። ግን በተማሪ ቁጥር ብቻ ማካፈል ፍትሐዊ የሚመስለው ላይ ላዩን ሲያዩት ነው። እንበል ከተማ ዳር ያለው ትምህርት ቤት 1,500 ተማሪ አለው፣ ከወንዝ ማዶ ያለው 300። ማዶ ያለውም በር፣ ሰሌዳ፣ ሽንት ቤትና ጥበቃ ያስፈልገዋል። አንድ ኩንታል ሲሚንቶ እዚያ ለማድረስ በአህያ ነው። አምስት እጥፍ ያነሰ ገንዘብ ይዞ የሚገዛው ግን በውድ ዋጋ ነው። ሌላም አለ፤ ገንዘቡ በተማሪ ቁጥር ሲመጣ፣ ያቋረጠውን ልጅ ከመዝገብ ለመሰረዝ የሚቸኩል አይኖርም። ይህን ስጽፍ ማንንም ለመክሰስ አይደለም፣ እኔም ራሴ ተፈትኜበታለሁ።

ጋሼ ያነሱት መዋጮም እዚሁ ላይ ይታያል። ከተማ ዳር ያሉት ወላጆች ተሰብስበው ማባዣ ማሽን ገዙ። ማዶዎቹ ደግሞ ባሕር ዛፍ ቆርጠው፣ ጭድ አቡክተው፣ የአዝመራ ቀናቸውን ሰውተው ሁለት የጭቃ ክፍል ሠሩ። ማን የበለጠ አዋጣ? ካለው አንጻር ካየነው ማዶዎቹ። ልጆቻቸው ግን ዛሬም ፈተና የሚሠሩት ከሰሌዳ እየገለበጡ ነው።

የመንግሥት ሒሳብ ሠራተኛ

እኔ የንብረት ታክሱ ለሰፈሩ ትምህርት ቤት ይሁን ከሚሉት ወገን ነኝ። ምክንያቴን ልናገር። ገንዘብ ወደ ትልቅ ቋት ከገባ በኋላ ከፋዩ ዱካውን ያጣዋል። ነዋሪው ግን የከፈለው ታክስ የልጁን ክፍል ጣሪያ ሲቀይር በዓይኑ ካየ ሳይሸሽ ይከፍላል፣ ሥራው ካልተሠራም ይጠይቃል። በሰፈር ደረጃ አንድ ሺህ ብር ብትጠፋ ሰው ያውቃል። በቋት ደረጃ ሚሊዮኑ ሲጠፋ ወሬውም አይሰማም። የአዲስ አበባን ምገባ ተመልከቱ፤ ከተማዋ በራሷ ገቢ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎቿን እየመገበች ነው፣ ሕዝቡም ያየዋል። ሰው የሚያየውን ነገር ይደግፋል።

የዳላሱ (ቴክሳስ)

ወንድሜ፣ ምክንያትህ ይገባኛል። ግን የምታቀርበውን ነገር እኛ ያለንበት አገር ከመቶ ዓመት በላይ ኖሮበታል፤ የት እንዳደረሰው ልንገራችሁ።

አሜሪካ ውስጥ የትምህርት ቤት ገንዘብ ትልቁ ክፍል ከክፍለ ግዛቱና ከአካባቢው ነው የሚመጣው፤ የአካባቢው ደግሞ በዋናነት የንብረት ታክስ ነው። እዚሁ ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ ከተማ ውስጥ፣ ኤጅውድ የሚባል የድሆች አካባቢ አለ። አላሞ ሃይትስ የሚባለው የሀብታሞች ነው። ሁለቱም እዚያው ሳን አንቶኒዮና ዙሪያዋ ናቸው። በ1968 (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የኤጅውድ ወላጆች ክስ መሠረቱ። በዚያን ጊዜ ኤጅውዶች ከእያንዳንዱ 100 ዶላር የንብረት ግምት 1 ዶላር ከ5 ሳንቲም ይከፍሉ ነበር፤ አላሞ ሃይትሶች ግን 85 ሳንቲም ብቻ። ከዚያ ለአንድ ተማሪ የተገኘው ስንት መሰላችሁ? በኤጅውድ 26 ዶላር፣ በአላሞ ሃይትስ 333 ዶላር። ድሃው በከፍተኛ ምጣኔ ከፍሎ ሀብታሙ ካገኘው አንድ አሥራ ሁለተኛውን ያህል እንኳ አላገኘም። በአንድ ጊዜ ተማሪውም ግብር ከፋዩም ተበደሉ ማለት ነው።

የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1973 በ5 ለ4 ድምፅ ሕገ መንግሥቱ ይህን አይከለክልም ብሎ ወሰነ። የቴክሳስ የራሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥርዓቱ የክፍለ ግዛቱን ሕገ መንግሥት ይጥሳል ያለው በ1989 ነው። ከሀብታም አካባቢዎች ወስዶ ለድሆቹ የሚሰጠው ሕግ የወጣው ደግሞ በ1993። ክስ ሲመሠረት አንደኛ ክፍል የነበረ ልጅ ያኔ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ሕጉ እስከ ዛሬ ያጨቃጭቃል፤ ምክንያቱም አንዴ «የሰፈሬ ገንዘብ» የተባለን ነገር መልሶ የጋራ ማድረግ እንደ ጥርስ መንቀል ነው።

ስለዚህ እናንተ ገና ሳትጀምሩት አትጀምሩት። ቦሌን ከአቃቂ ጎን አስቀምጣችሁ አስቡት።

የሁለት ልጆች እናት

የ26 እና የ333 ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እኔ የምኖረው በኪራይ ነው፣ ሰፈሬ ውስጥ ፎቅ የለም። ታክሱ የሰፈር ቢሆን ኖሮ ዛሬ ደግፌው ነገ የማዝን እኔው ነበርኩ።

የሒሳብ ሠራተኛው ያልከው ግን ትክክል ነው፤ ቋት ያስፈራል። ታዲያ ገንዘቡ ከከተማ ወይም ከክልል ቋት ቢወጣም፣ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ስንት እንደወጣ ግድግዳው ላይ ቢለጠፍስ? ይህን ያህል ለወረቀት፣ ይህን ያህል ለጥገና ተብሎ? ያኔ ከሰፈር ገንዘብ ባልተናነሰ እንከታተለው ነበር።

የመንግሥት ሒሳብ ሠራተኛ

መለጠፉን እቀበላለሁ፤ በብዙ ቦታም መመሪያው አለ፣ የሚለጠፈው ግን ኦዲተር ሊመጣ ሲል ነው። የቴክሳሱን ስሌት ግን ክጄ አልከራከርም፤ ምጣኔውን ከፍ አድርጎ የከፈለው ሰው ትንሽ ማግኘቱ ለእኔም አልተዋጠልኝም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ታክሱን ሙሉ በሙሉ ከሰፈር ካራቃችሁት ሰው ለመክፈል ያቅማማል። ትንሽ ድርሻ፣ ለምሳሌ ለጥገና የምትሆን፣ ሰፈር ላይ ትቅር። ዋናው ግን ከቋት ይምጣ።

የቀድሞ ርዕሰ መምህር

በዚህ እስማማለሁ፤ ግን ቀመሩ ላይ ካልተጠነቀቅን ቋቱም አያድነንም። መጀመሪያ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ በሩን ከፍቶ ለማስተማር የሚያስፈልገው መነሻ ይሰጠው። ከዚያ በላይ በተማሪ ቁጥር፤ ቁጥሩም የሚቆጠረው በመስከረም ምዝገባ ብቻ ሳይሆን በዓመቱ አጋማሽ ክፍል ውስጥ በተገኘው ልጅ ይሁን። ከዚያ ደግሞ ለሩቁ፣ ለአካል ጉዳተኛ ተማሪና መምህር ለማይቆይበት ቦታ ተጨማሪ። ገንዘቡም በጊዜ ይድረስ። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ትምህርት በመስከረም፤ እኛ ጋ ግን ወረቀት የምንገዛው ጥር ላይ ነበር።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች የማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንደሚመድብ ይናገራል። ዋጋ በየዓመቱ ሲንር ባለበት የቆመ ሥራ ማስኬጃ እየጨመረ አይደለም፣ እየቀነሰ ነው።

ጡረተኛው

የመምህርቷን ልጅ አሰብኳት፣ መስኮት ሥር ያለችውን። ለእሷ ከሆነ እከፍላለሁ። ሆኖም ገቢው ጡረታ ብቻ የሆነና የሚኖርበት ቤት አንድ ብቻ የሆነ ሰው ቅናሽ ይደረግለት፣ ወይም ቤቱ ሲሸጥ አለዚያም ሲወረስ የሚከፈል ዕዳ ሆኖ ይቆይለት። ለልጅ ብሎ ሽማግሌን ከቤቱ ማስወጣት ደግሞ ሌላ በደል ነው። ስለ መዋጮው ሐሳቤን አልለወጥኩም፤ ጉልበትና ዕውቀት ግን ከገንዘብ ይቅደም። እኔ አናጢ ነኝ። የተሰበረ ዴስክ ካለ መጋዜን ይዤ እመጣለሁ፣ ምስማር ብቻ ይግዙልኝ።

የፊዚክስ መምህርት

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኛ ጋ ከዴስኮቹ እግር የሌላቸው ብዙ ናቸው። ለእናትየዋ ግን አንድ ነገር ልበል፦ መዋጮው በገንዘብም ይምጣ በጉልበት፣ የልጅ ካርድና የልጅ ስም ከእሱ ጋር መነካካት የለበትም። ያልከፈሉ ልጆች ስም ሲነበብ ክፍል ውስጥ ቆሜ አውቃለሁ። ያን ቀን የተጠሩት ልጆች እጃቸውን አውጥተው አንድ ጥያቄ አልመለሱም።

የሁለት ልጆች እናት

የወላጆች ስብሰባ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ካርድ ከመዋጮ እንዲለይ። ሁለተኛ፣ ዘንድሮ ከወረዳ ስንት መጣ፣ ከእኛ ስንት ተሰበሰበ፣ በምን ላይ ዋለ የሚለው በሩ አጠገብ እንዲለጠፍ። ደረሰኜን ይዤ እሄዳለሁ። ጋሼ፣ ስለ ዴስኩ ስልክዎን በውስጥ መስመር ይላኩልኝ፤ ለወመህ ሰብሳቢው እነግራቸዋለሁ።