«አንድ ሦስተኛ ፓውንድ» የተባለው በርገር ሚዛን ላይ ለምን ቀለለ?

ጠያቂ፦ የአሌክሳንድሪያው

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። አባቴ ሊጠይቁን ከኢትዮጵያ መጥተዋል፤ ልጆቼ ደግሞ አያታችንን በርገር ካላስቀመስን ሞተን እንገኛለን አሉ። ሰፈራችን ወዳለ አንድ የሰንሰለት በርገር ቤት ሄደን ውዱን አዘዝን። ሰሌዳው ላይ «አንድ ሦስተኛ ፓውንድ፣ መቶ በመቶ አንገስ የበሬ ሥጋ» ይላል። ዋጋው የተራውን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ሥጋ በኪሎ ሲገዙ የኖሩ ሰው ናቸው። ገና ሲያዩት «ይሄ የተባለውን ያህል አይመዝንም» አሉ። አንዱን ሳንነካው ቤት ወሰድነውና ሥጋውን ብቻ አውጥተን የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አደረግነው። 110 ግራም! አንድ ሦስተኛ ፓውንድ እኮ 151 ግራም ነው። «ተበልታችኋል» ብለው ነገሩን ዘጉት።

እውነት ተበልተናል? ሄጄ ገንዘቤን ብጠይቅ ያስኬዳል? «አንገስ» የሚሉት ነገርስ ይሄን ያህል የዋጋ ልዩነት ያመጣል? ደግሞ አባቴ ደም ግፊት አለባቸው፤ ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ፤ የአሳማ ነገር እንዲነካባቸው አይፈልጉም። በዚያ ላይ ውስጡ ቀላ ያለ ቢሆን ይመርጣሉ፣ ክትፎ ወዳጅ ናቸው። ልጆቹ ድጋሚ መሄድ ስለሚፈልጉ እንዴት ብዬ ልዘዝላቸው?

ግሪል ላይ የነበርኩ

ወንድሜ፣ አልተበላችሁም። ኮሌጅ እያለሁ በርገር ቤት ኩሽና ውስጥ ሠርቻለሁ። ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ክብደት የጥሬው ሥጋ ነው። በጥቃቅን ፊደል ከታች «ከመብሰሉ በፊት» የሚል ጽሑፍ ታገኛለህ። የተፈጨ ሥጋ እሳት ሲነካው ውሃውና ስቡ ይወጣል፤ ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ይሄዳል። 151 ላይ ሩቡን ቀንስ፣ 113 ገደማ ይቀርሃል። የእናንተ 110 ጤነኛ ቁጥር ነው። 80 ቢመጣ ኖሮ እኔም ከአባትህ ጋር እቆም ነበር። ስለዚህ ገንዘብ አስመልሱ ብለህ አትድከም።

ግን ከክብደቱ ይልቅ መጠየቅ ያለብህ «መቼ ነው የሚጠበሰው?» ብለህ ነው። በብዙ ቤት ትንሹ ሥጋ በረዶ ሆኖ ይመጣል፣ ከላይም ከታችም በሚጫን የጋለ ብረት በአንዴ ብዙ ይጠበሳል፣ ከዚያ ሙቀት በሚጠብቅ ሳጥን ውስጥ ተራውን ይጠብቃል። ውዱ ግን ብዙ ጊዜ ስታዝ ነው እሳት የሚነካው። ለምሳሌ ማክዶናልድስ አሜሪካ ውስጥ የኳርተር ፓውንደሩን (ሩብ ፓውንድ የሚባለውን በርገር) ሥጋ እ.ኤ.አ. በ2018 ከበረዶ ወደ ትኩስ የቀየረው፣ ሲታዘዝ ብቻ እንዲጠበስም አድርጎ ነው። ትንሹ በርገር በበረዶው ቀጠለ። ለእኔ ተጨማሪ ብር የሚያስከፍል ልዩነት ይሄ ነው፤ ቀሪው ማስዋቢያ ነው።

ሌላው ምክሬ፣ እዚያው ብሉት። ወረቀት ተጠቅልሎ መኪና ውስጥ 20 ደቂቃ ከቆየ ዳቦው በእንፋሎት ይላሽቃል።

ሒሳብ አስተማሪ ነኝ

የአባትህን ጥርጣሬ ወደድኩት። አሜሪካኖቹ በዚሁ ቁጥር በተቃራኒው ተሳስተዋል ይባላል። በ1980ዎቹ ኤ ኤንድ ደብልዩ የሚባለው ሰንሰለት፣ ባለቤቱ አልፍሬድ ታውብማን በነበረበት ጊዜ፣ የማክዶናልድስን ሩብ ፓውንድ ለመፎካከር አንድ ሦስተኛ ፓውንድ በርገር በተመሳሳይ ዋጋ አወጣ። ሥጋው በዛ፣ ጣዕሙም ተወደደ፣ ግን አልተሸጠም። ታውብማን ራሱ እንደተናገረው፣ ሰዎቹን ሰብስበው ሲጠይቋቸው ብዙዎቹ «ለትንሽ ሥጋ ለምን እኩል እንከፍላለን?» አሉ። 3 ከ4 ያንሳላ! ተማሪዎቼ ክፍልፋይ ሲሰለቻቸው ይሄንን ነው የምነግራቸው።

የከብት ነጋዴ ልጅ

ወደ አንገሱ እንምጣ። አንገስ ከሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ የመጣ ቀንድ አልባ የከብት ዝርያ ነው፤ አብዛኛው ጥቁር ነው። ሥጋው መካከል ስቡ በቀጭን በቀጭን ስለሚሠራጭ ይለሰልሳል። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው።

ማስታወቂያው የማይነግርህን ልጨምርልህ። አሜሪካ ውስጥ ከ1978 ጀምሮ «ሰርቲፋይድ አንገስ ቢፍ» (የተመሰከረለት የአንገስ ሥጋ) የሚባል ምልክት አለ። እሱ የስብ ሥርጭቱን፣ የከብቱን ዕድሜ፣ ሌላም ሌላም ይመዝናል። «አንገስ» ብቻ ተብሎ የተጻፈው ግን ያንን ሁሉ አልፏል ማለት አይደለም። እንዲያውም ከምልክቱ መመዘኛዎች አንዱ የከብቱ ቆዳ ከግማሽ በላይ ጥቁር መሆኑ ነው። ጥቁር ቆዳ ያለው ድቅል በሬ ይገባበታል ማለት ነው። ደግሞም ከተፈጨ፣ ከተጠበሰ፣ አይብና ሶስ ከተደረበበት በኋላ ዝርያውን በምላሱ የሚለይ ሰው ካለ እጄን ዘርግቼ ሰላም እለዋለሁ። ለስቴክ ቢሆን ሌላ ነገር ነበር።

ሰንሰለቶቹ ይሄን «ለአዋቂ የሚሆን ውድ በርገር» ደጋግመው ሞክረውታል። ማክዶናልድስ በ1996 አርች ዴሉክስ የሚባል አወጣ። ዳቦው ከድንች የተሠራ፣ ሶሱ ሰናፍጭና ማዮኔዝ። ለማስታወቂያ ብቻ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈሰሰበት፤ ጥቂት ዓመት አልቆየም። በ2009 ደግሞ ልክ እናንተ እንደገዛችሁት ያለ አንድ ሦስተኛ ፓውንድ አንገስ በመላው አሜሪካ አወጣ፤ በ2013 ከሰሌዳው አነሳው። ሰው ወደዚያ የሚሄደው ለፈጣንና ለርካሽ ነዋ። ካርልስ ጁኒየር የሚባለው ሰንሰለት ብልጥ ነበር። በ2001 «የስድስት ዶላር በርገር» ብሎ አወጣና በ3 ዶላር ከ95 ሳንቲም ሸጠው። ሐሳቡ «ተቀምጣችሁ ሬስቶራንት ብትበሉ 6 ዶላር የምትከፍሉበትን እኛ በዚህ ሰጠናችሁ» ነው። ስሙ ራሱ ዋጋ ሲያስወድድ አያችሁ?

ቦሌ

እዚህ አዲስ አበባ ማክዶናልድስም የለ፣ ስለ አንገስም የሚጨነቅ የለ። «ስፔሻል በርገር» ካልክ እንቁላል ተጨመረበት ማለት ነው። አለቀ። ክብደቱን ማን ጠይቆ! (ለጥያቄህ እንደማይጠቅም አውቃለሁ፣ ይቅርታ።)

ነርሷ

የአባትህ ጤና ላይ ሁለት ነገር ልበል።

መጀመሪያ ቀላ ያለውን። እዚህ አገር የተፈጨ የበሬ ሥጋ ውስጡ 160 ፋራናይት፣ ማለትም 71 ዲግሪ ሴልሺየስ መድረስ አለበት ነው የሚባለው። ምክንያቱም ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ከከብቱ አንጀት ወደ ሥጋው ላይኛ ገጽ ሊዛመት ይችላል። ስቴክ ከሆነ ገጹን እሳት ይመታዋል። ሲፈጭ ግን ገጹ ወደ ውስጥ ይገባል፣ መሐሉ ካልበሰለ ባክቴሪያው እዚያው ይተርፋል። በ1993 ጃክ ኢን ዘ ቦክስ የሚባለው ሰንሰለት በርገር በደንብ ሳይበስል ቀርቦ ከ700 በላይ ሰው ታመመ፤ 4 ሕፃናት ሞቱ። በማግስቱ ዓመት መንግሥት ይሄ ባክቴሪያ ያለበት የተፈጨ ሥጋ እንዳይሸጥ ደነገገ። ቀለሙም አያስተማምንም፤ ሳይበስል የሚጠቁር ሥጋ አለ። አብዛኛው ሰንሰለት ቢጠየቅም ቀይ አድርጎ አይሰጥም፤ አባትህ አይቀየሙ።

ሁለተኛ፣ ደም ግፊቱ። አይብ ያለበት አንድ ኳርተር ፓውንደር ከ1,100 ሚሊግራም በላይ ሶዲየም (ጨው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር) አለው። ለጤነኛ አዋቂ በቀን የሚመከረው ከ2,300 እንዳይበልጥ ነው። ድንቹ ሳይቆጠር ግማሹ አለቀ ማለት ነው። ከላዩ ብዙ ነገር የተደረበበት ትልቅ በርገር ከዚህም ይብሳል። አይቡን፣ ኮምጣጣ ኪያሩንና ሶሱን አስወጣላቸው። ሰላጣና ቲማቲም አስጨምር። መድኃኒታቸውን እንዳያስታጉሉ ብቻ።

የአሌክሳንድሪያው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሩቡን ነገር ስነግራቸው አባቴ ዝም አሉ። ቆየት ብለው ግን «ታዲያ ክትፎስ የተከተፈ አይደለም ወይ? ስንት ዘመን ስንበላው የታለ የሞተው?» አሉኝ። እህት ነርሷ፣ ምን ልበላቸው?

ነርሷ

አባባን አልዋሽም፤ ጥሬ ክትፎም ከስጋት ነፃ አይደለም። በተለይ ለሽማግሌ፣ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር። ልዩነቱ ግን አለ። እቤት ክትፎ ስትሠራ ከአንድ ከብት ከአንድ ብልት፣ ፊት ለፊትህ የተቆረጠ ጮማ የሌለው ሥጋ ነው፤ እዚያው ይከተፋል፣ እዚያው ይበላል። ፋብሪካ የሚፈጨው ግን ከብዙ ከብት የተሰበሰበ ነው፤ አንዱ ባክቴሪያው ካለበት ሁሉን ይበክላል። ከዚያ አገር ያቋርጣል። «ለብ ለብ ይሁን» ካሉ እቤት ክትፎአቸውን ሥሩላቸው። በርገሩን ግን አብስሉት።

ደግሞ ሥጋው ብቻ አይምሰላችሁ። በ2024 መኸር ከማክዶናልድስ ኳርተር ፓውንደር ጋር ተያይዞ 104 ሰው ታሞ አንድ ሰው ሲሞት፣ ምንጩ ሳይሆን አይቀርም የተባለው የተከተፈው ጥሬ ሽንኩርት ነው።

ሐዋ ከሚኒያፖሊስ

የአሳማውን ነገር እኛም ስለምንጠነቀቅ ልንገርህ። «መቶ በመቶ የበሬ ሥጋ» የሚለው ስለ ሥጋው ብቻ ነው። በውዱ በርገር ላይ ቤከን (በጨው የተዘጋጀ ስስ የአሳማ ሥጋ) የመደረብ ልማድ አለ፤ ሥዕሉን ብቻ አይተህ አትዘዝ። «ያለ ቤከን» ስትል ደግሞ ደረሰኙ ላይ መጻፉን እይ። ካልተጻፈ ኩሽናው አልሰማም። ቤከኑ በርገሩ በሚጠበስበት ብረት ላይ ይጠበስ እንደሆነም ጠይቅ፤ አንዳንዱ ቤት በምድጃ ለብቻው ነው የሚያሞቀው። እኛ ሙስሊሞች እዚህ ካሉት ትልልቅ ሰንሰለቶች ሥጋውን አንወስድም፣ ሐላል ስላልሆነ። ዱባይ ያለችው እህቴ ግን ያንኑ ማክዶናልድስ ያለ ሐሳብ ትበላለች፤ እዚያ ሐላል ነው።

ግሪል ላይ የነበርኩ

ሐዋ ልክ ናት። አንድ ልጨምር፦ ሥጋው ላይ ጨውና በርበሬ የሚነሰነሰው እየተጠበሰ ነው። ሲታዘዝ የሚጠበስ ከሆነ «ሥጋው ላይ ጨው አታድርጉ» ማለት ትችላለህ። ድንቹንም እንደዚያው። እኔ በሠራሁበት ቤት ይሄን ያዘዘ ሰው አዲስ የወጣ ትኩስ ድንች ይደርሰው ነበር፤ ጨው ያልነካውን ለማግኘት አዲስ መጥበስ ግድ ነዋ።

ሲያትል ያለች እናት

ለምን እቤት አትሠራላቸውም? የተፈጨውን ሥጋ 80 በመቶ ሥጋ 20 በመቶ ስብ የሆነውን ግዛ። በጣም ጮማ አልባው ይደርቃል። ለአንድ ሰው 150 ግራም መዝን፤ አባባ ራሳቸው ይመዝኑ! ሳታሸው በቀስታ አድቦልቡልና ከዳቦው ሰፋ አድርገህ ጠፍጥፈው፣ ሲጠበስ ይሰበሰባልና። መሐሉን በአውራ ጣትህ ትንሽ ጫን አድርገው፤ ካለዚያ ያብጣል። ጨው መጥበሻው ላይ ልታሳርፈው ስትል ብቻ ነው፤ ቀድመህ ከሥጋው ጋር ካሸኸው እንደ ቋሊማ ይጠነክራል። ከባዱን የብረት መጥበሻ በደንብ አግለው። ሥጋውን በማንኪያ አትጫነው፣ አንዴ ብቻ ገልብጠው። ቴርሞሜትር በ15 ዶላር ገደማ ይገኛል፤ 160 ሲል አውጣ። ዳቦውን በዚያው ስብ ቀባ አድርገህ ጠብሰው። ለአባባ ከሶስ ይልቅ ጨው የሌለው ሚጥሚጣና አይብ፣ የራሳችንን አይብ። የእኔ ልጆች አሁን የውጪውን አይጠይቁኝም።

የአሌክሳንድሪያው

ቅዳሜ እሞክረዋለሁ። የጾሙ ቀንስ? ልጆቹ ዓርብ ነው መውጣት የሚፈልጉት።

ዲያቆን ነኝ ማለት ይቻላል

በርገር ኪንግ ከ2019 ጀምሮ ኢምፖሲብል ዋፐር የሚባል በርገር ይሸጣል፤ «ሥጋው» ከአኩሪ አተር ነው። ግን እንደወረደ አይጾምም። ማዮኔዝ አለበት፣ ማዮኔዝ እንቁላል ነው። ደግሞ ካልተናገርክ የበሬው ሥጋ በሚያልፍበት እሳት ላይ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ «ያለ ማዮኔዝ፣ ለብቻው ይሠራልኝ» በል። ኬቻፕና ሰናፍጭ ይበቃል። ሌላ ቤት ከሆነ ዳቦው ወተት ወይም ቅቤ እንዳለው ጠይቅ፤ የአለርጂ ዝርዝር ድረ ገጻቸው ላይ ይለጥፋሉ፣ ከሠራተኛው ይልቅ እሱ ይታመናል። ድንቹም ይታይ፤ የማክዶናልድስ ድንች አሜሪካ ውስጥ የወተት ተዋጽኦ ያለው የበሬ ጣዕም ይገባበታል።